ሆድ ሳይከፍት የሚያይ መኪና

ሐምሌ 20፣ ሰኞ

«አዲስ አበባ ሰውን ሳይቀድዱ ውስጡን እንደ ዳቦ ቆራርጦ የሚያሳይ መኪና ገብቷል።»

የቀበሌ ሱቅ፣ የስኳር ሰልፍ። የተናገረው ከፊቴ የቆመ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ለኔ አይደለም፣ ከጎኑ ላለው ሰውዬ ነው። እኔ ግን በስሜ እንደ መጣ ቴሌግራም ተቀበልኩት። ማን አየው፣ የት ነው ያለው፣ አላልኩም። ስኳሩ እኔ ዘንድ ሲደርስ አለቀ። ቅር አላለኝም። ከሰልፍ ባዶ እጄን ደስ ብሎኝ ስመለስ የመጀመሪያዬ ነው።

ደብተር፣ አንተን ከት/ቤት የተቀበልኩህ ለውይይት ክበብ ነበር። የመጀመሪያው ገጽህ ላይ «የምርት ኃይሎች» የሚል ርዕስ አለ፤ ከሥሩ ምንም የለም። ክበቡ ክረምቱን አይሰበሰብም፣ ት/ቤቱም ዝግ ነው። አንተም እኔም ሥራ ፈት ነን። ስለዚህ የኔን ጉድ ተሸከም።

ባለቤቴን ትርሲትን ዛሬም አመማት። ከሰኔ ወዲህ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። አነሳሱ አንድ ዓይነት ነው። የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣለች፣ እግሯ ፔዳሉ ላይ፣ አፏ ውስጥ ስፒል። ድንገት ታቆማለች። በመጀመሪያ ስፒሎቹን ከአፏ አውጥታ አንድ በአንድ ትሰካለች፣ መቀሱን ትዘጋለች፣ ከዚያ ትጎብጣለች። ሥርዓት ያለው ሥቃይ። ሆዷ እንደ ከበሮ ይወጠራል። ትውከቱ አረንጓዴ ነው። እኔ ጣሳ ይዤ እቆማለሁ። የዓለምን ወንዞች ከነገባሮቻቸው በቃሉ የሚያውቅ የጂኦግራፊ መምህር ጣሳ ይዞ ይቆማል።

ከዚያ እንደ መጣ ይሄዳል። ትነሳለች፣ ፊቷን ትታጠባለች፣ የካውያው ከሰል ጠፍቶ እንደሆነ ትጠይቃለች። ደህና ነኝ ትላለች። ሃያ ዓመት አብረን ስንኖር ይህን ቃል የሰማሁት ደህና ሳትሆን ብቻ ነው።

ነገ ሆስፒታል።

ሐምሌ 21፣ ማክሰኞ

በጋሪ ሄድን። ናዝሬት ውስጥ ከዚህ የተሻለ አምቡላንስ የለንም።

ዶክተሩ ወጣት ነው፣ ከቀዳጅ ሐኪሞቹ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ተማሪዬ አልነበረም፤ እፎይ አልኩ። ሆዷን በጣቶቹ ቀስ ብሎ ይጫናል፣ ድንገት ይለቃል፣ ፊቷን ያያል። ጋሪው ድንጋይ ሲመታ ያማት እንደነበር ጠየቃት። ከቤታችን እስከዚህ ላለው ድንጋይ ሁሉ ስም ላወጣለት እችላለሁ አለችው። ቁም ነገር ነው መሰለኝ፣ ካርዷ ላይ ጻፈው።

ራጅ ይነሳ አልኩ። ራጁ አለ፣ ፊልሙ የለም። ከግንቦት ጀምሮ የለም።

ታዲያ ምንድን ነው? ዶ/ሩ ሦስት ነገር ዘረዘረ። አንጀቷ ተጠማዝዞ እየተፈታ ሊሆን ይችላል። ትርፍ አንጀት ሊሆን ይችላል። ማኅፀኗ አጠገብ ያለ እጢ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ነው ብሎ ይጠረጥራል። የቱ እንደሆነ በምን ይታወቃል? «ከፍተን እናያለን።» ምን ታገኛላችሁ ስለው፣ እሱን ለማወቅ አይደል የምንከፍተው አለ። የት እንደሚሄድ ሳያውቅ መርከብ የሚያስነሳ አሳሽ ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ። ግማሾቹ አልተመለሱም። ፈተና ላይ የሚመጡት የተመለሱት ናቸው።

ስለ መኪናው ጠየቅኩት። መነጽሩን አወለቀ። አዎ፣ ሲቲ ስካን ይባላል፣ በተማረበት አገር አይቶታል። አንዲት ሴት ልክ እንደ ትርሲት በድንገተኛ የሆድ ሕመም መጣች። አልጋ ላይ አጋደሟት። አልጋው ትልቅ ጎማ በመሰለ ቀለበት ውስጥ ተንሸራቶ ገባ። ትንፋሽሽን ያዢ አሏት። ጨረሩ ዙሪያዋን ዞረ፣ ኮምፒዩተሩ አቀናበረው፣ ሆዷ በስስ በስሱ ተቆርጦ መስታወት ላይ ወጣ። የተጠመዘዘው አንጀት እንደ ውኃ አዙሪት ተጠቅልሎ ይታያል። ቢላ ሳይነሳ የት እንደሚቀድዱ አወቁ። ዶ/ሩ ይህን ሲያወራ ድሮ ስለወደዳት ልጅ የሚያወራ ይመስል ነበር።

አ.አ. ገብቷል የሚባለው እውነት ነው? ሰምቷል፣ አላየም። ግን እሱን አትጠብቁ አለ። የተጠመዘዘው አንጀት አንድ ቀን እምቢ ብሎ ሳይፈታ ከቀረ ደም ያጥረዋል፣ ይሞታል፣ ከዚያ በኋላ ያለን ጊዜ የሰዓታት ነው። ቶሎ ወስኑ፣ እኔም እዚህ እስከ መቼ እንደምቆይ አላውቅም። ይህችን የመጨረሻዋን ከጨርቅ ነጋዴ ሰምቻታለሁ፤ በዚህ ዋጋ ነገ አታገኙትም እንደሚሉት።

ትርሲት ግን ጥያቄዋ ሌላ ነበር። ቅዱ ምን ያህል ነው? በጣቶቹ አሳያት። ሰያፍ ነው ቀጥ ያለ? ቀጥ ያለ። በምን ክር? ነገራት። ራሷን ነቀነቀች፤ የሥራ ባልደረባዋን እንደምትመዝን። ልብስ ሰፊ ናት፤ መቀስ አያስፈራትም። ከዚያ ጫማዋን እያጠለቀች ልጄ ያለበት አካባቢ እንዳንተ ያለ ሐኪም አለ ወይ አለችው። ኤርሚያስ፣ አንድ ልጃችን፣ ለብሔራዊ ውትድርና ሰሜን ነው ያለው። ዶ/ሩ ካርዷን አጠፈ። ጥቂት ናቸው እናቴ አላት።

የፈቃድ ወረቀት ሰጠኝ። ቤት ወስደህ አስብበት፣ ፈርመህ አምጣት። ራሷ ብትፈርምስ? አይሆንም፣ የሚፈርመው ባል ነው። ትርሲት የቀበሌያችን ሴቶች ማኅበር ገንዘብ ያዥ ናት። እኩልነቷ እስከ ሆዷ አልደረሰም።

ወረቀቱ ኮት ኪሴ ውስጥ ነው። ብዕሩም እዚያው ነው። አብረው ይደሩ።

ሐምሌ 23፣ ሐሙስ

ሰፈሩ ሁሉ ሲቲ ስካን ሆኗል። ገብቶ ያያታል፣ ውስጧን ያነባል፣ ይወጣል። የግቢው በር ጎረቤት፦ ኮሶ ነው፣ ደህና ኮሶ አልጠጣችም። ከፊት ለፊት ያሉት፦ አሜባ። የዳቦ ቤቱ ሴትዮ፦ የሰው ዓይን፣ ስፌቷ ስላማረ። የትርሲት እህት ከአርሲ ነገሌ ፌጦ ይዛ መጣች፤ እሷ ምርመራ ውስጥ አልገባችም፣ ቀጥታ ወደ ሕክምናው። ትርሲት ለሁሉም እሺ ትላለች፣ ለሁሉም ወንበር ታወጣለች። ቁርጠቱ እንግዳ እስኪወጣ ይጠብቅላታል ወይስ እሷ ናት የምትጠብቀው፣ አላወቅኩም።

ከሰዓት ላይብረሪ። ባለፈው ዓመት አንድ አሮጌ የእንግሊዝኛ መጽሔት ላይ ያየሁትን ፎቶ ፈልጌ አገኘሁት። የአንድ ሰው ሆድ፣ በአግድም፣ እንደ ተጋዘ ግንድ። ጀርባው ከታች፣ የአከርካሪው አጥንት ነጭ፣ ኩላሊቶቹ ግራና ቀኝ። በሽተኛው ቀድሞ ነጭ ነገር ይጠጣል ይላል፣ አንጀቱ ጎልቶ እንዲወጣ። ይህን እኔ ሳስተምረው የኖርኩት ነው። ተራራ በከፍታ መስመር በአግድም ይቆረጣል፣ መስመሮቹ ሲደረደሩ ሳትወጣው ተራራውን ታውቀዋለህ። ሚስቴን እንደ ዝቋላ ማንበብ ይቻላል ማለት ነው። ቆሜ ረጅም ጊዜ አየሁት። የላይብረሪዋ ልጅ ልንዘጋ ነው ጋሼ አለችኝ።

ወረቀቱን አወጣሁ። ብዕሩን አወጣሁ። መልሼ ከተትኩ።

እውነቱን ላንተ ብቻ። ፈርሜ ብትሞት እኔ ገደልኳት። ሳልፈርም ብትሞት እግዜር ገደላት። እያሰላሁ ያለሁት ይህንን ነው። አስቀያሚ ሒሳብ ነው፣ ግን የኔ ነው። መኪናው ቢያይልኝ ሒሳቡ ይቀርልኝ ነበር።

ሐምሌ 24፣ ዓርብ

ቴሌ ሄጄ አ.አ. ደወልኩ። ግርማ፣ የቀድሞ ተማሪዬ፣ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ራጅ ክፍል ውስጥ እንደሚሠራ አውቃለሁ። ጥሩ ልጅ ነበር። ሦስት ዓመት ሳስተምረው «ገባህ?» ስለው «ገባኝ ጋሼ» ያላለበት ቀን አልነበረም። ፈተናው ሲታረም ያልገባው ብዙ ነው።

መስመሩ ክፉ ነው። መጮህ ነበረብኝ። የሚስቴን ሆድ እዚያ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሁሉ አሁን ያውቀዋል። መኪናው አለ? አለ ጋሼ። ይሠራል? ይሠራል ጋሼ። መብራት ሲጠፋስ? ጄኔሬተር አለው ጋሼ። ፊልምስ? አለ ጋሼ። እንግዲያው ላምጣት?

እዚህ ላይ መስመሩ ዝም አለ። ኦፕሬተሯ ቆረጠችው ብዬ ሃሎ ሃሎ አልኩ። አልተቆረጠም። «እስቲ ይምጡ ጋሼ» አለ ግርማ። «መጥተው ቢያዩት ይሻላል።»

ዝምታውን የመስመሩ ብልሽት አደረግኩት።

ስወጣ አንድ ሽማግሌ ክንዴን ይዘው ፌጦ ሞክሩላት አሉኝ።

ሐምሌ 26፣ እሑድ

ዛሬ የሆነውን ቀስ ብዬ ልጻፍ።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ በር ተንኳኳ። ሦስት ሽማግሌዎች፣ ጋቢና ጃንጥላ። ፊት የቆሙት ኦቦ ቱሉ ናቸው፣ እህል ነጋዴ፣ የእድራችን ሊቀመንበር። ግቡ አልኩ፣ ገቡ። ተቀመጡ አልኩ፣ አልተቀመጡም። ጃንጥላቸው ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ሽማግሌ ቆሞ ሲቀር ምን ማለት እንደሆነ ይገባኛል፤ የመጡበት ካልተፈጸመ አይቀመጡም። ማንን አስቀይሜ ነው ብዬ ደነገጥኩ። የወደቀ ተማሪ አባት ይሆን?

ማን ላካችሁ? ኦቦ ቱሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የላከችን ትርሲት ናት።

ትርሲት ጓዳ ናት። መጋረጃ ነው የሚለየን። ጉዳዩን ራሷ አራት ቀን ሙሉ ነግራኛለች፣ እኔ አራት ቀን ሙሉ ስለ ኮምፒዩተር አስተምሬአታለሁ። አሁን በሕጉ መጣች።

ልመናው እንድትቀደድ ፈቅጄ እንድፈርም ነው። ለበዓል በሬ እንጂ ሰው እንዲታረድ ተልከን አናውቅም አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ፣ ግን ልጅቷ ለመነችን። ኦቦ ቱሉ በኦሮምኛ ዝም በል የሚል መሰለኝ አንድ ነገር ጣል አድርገው ወደኔ ዞሩ።

«ያኔ እሷን ከአባቷ ለመንልህ። እኔ ራሴ ነኝ ይኼን ጃንጥላ ይዤ የቆምኩት። ዛሬ ደግሞ እሷን ካንተ እንለምናለን።»

መኪናው አለ፣ ልጁ ይምጡ ብሏል፣ አንዴ ብቻ ትታይ አልኩ። እንደ ልጅ ነው የለመንኩት። ሦስቱ ተንሾካሾኩ። ፍርዱ፦ አንድ ጊዜ አ.አ. ደርሰህ መልስ። ታየ አልታየ፣ በተመለስክ ዕለት ትፈርማለህ። እሺ አልኩ። ተቀመጡ።

ሻይ ላይ ኦቦ ቱሉ ቀለል አላቸው። የእድሩ ድንኳን ክረምቱ በስብሶት ለጥገና እንደ ተላከና እስከ ነሐሴ መጨረሻ እንደማይመለስ ነገሩኝ። እስከዚያ አባል ባይሞት ይመረጣል። የቀለዱ አልመሰሉም። ይመስለኛል አልቀለዱም።

ከመጋረጃው ጀርባ የስፌት መኪናው ድምፅ ተጀመረ።

ሐምሌ 29፣ ረቡዕ

ያለ ይለፍ ወረቀት መንገድ የለም። ቀበሌ። ሊቀመንበሩ የጉዞውን ምክንያት ጠየቀ፣ ነገርኩት። መኪናው የየት አገር ሥሪት ነው አለ። አላውቅም። ከወንድም አገር የተገኘ ብዬ ልሙላው? ሙላው አልኩት። ማኅተም መታ። ሚስቴ በሰነድ ደረጃ ዳነች።

ቤት ስደርስ አራተኛው ሕመም ይዟታል። ከቀደሙት ሁሉ የረዘመ ነው። ሰዓቴን አላየሁም፤ ማየት ፈራሁ። እህቷ ጀርባዋን ታሻለች። ትርሲት በጥርሷ የቀሚሷን ጫፍ ይዛለች፣ ድምፅ የለም። እኔ ጎማ የመሰለውን ቀለበት አስባለሁ። ጨረሩ ሲዞር፣ አዙሪቱ መስታወት ላይ ሲወጣ። እንደ ጸሎት እደግመዋለሁ። ለቀቃት። ስትነሳ ከንፈሯ ሰማያዊ ነበር።

ቃል የገባሁት በተመለስን ዕለት ነው። ዛሬ መፈረም አይከለከልም። ኪሴን ዳሰስኩ።

አልፈረምኩም።

ነሐሴ 2፣ ቅዳሜ

የፍልሰታ ጾም ገብቷል። ትርሲት የሚጠጣው ነጭ ነገር ወተት አለበት ወይ አለች። መጽሔቱ አይልም። ንስሐ አባታችን ዘንድ ሄጄ ጠየቅኩ። ለሕክምና ከሆነ ችግር የለም አሉ፣ ግን ምንድን ነው የሚያየው? ሆድ አልኳቸው። ሆድን የሚያይ አንድ ነው አሉኝ።

ሱሪዬን ተኮሰችልኝ። እሷ ናት በሽተኛዋ፣ እኔ ነኝ የተተኮሰልኝ። ማታ ስትጸልይ ሰማሁ። ስለ ሆዷ ምንም የለም። ለኤርሚያስ ነው ሁሉም፤ ጥይቱን አርቅለት፣ ካልራቀም ጥሩ ሐኪም አቅርብለት።

ነሐሴ 3፣ እሑድ፣ አ.አ.

በጠዋቱ አውቶቡስ መጣን። ደብረ ዘይት ሳንደርስ ሾፌሩ ከመንገድ ወጥቶ ቆመ፤ የወታደር ካሚዮኖች ረጅም ሰልፍ ሆነው አለፉን፣ ሸራቸው የተዘጋ። ጭቃው መስኮታችንን ሸፈነው። ትርሲት በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ታይ ነበር፣ እስኪያልቁ።

አልታመመችም። የምናድረው ቄራ፣ የአክስቷ ልጅ ቤት ነው። ነገ ያልቃል።

ነሐሴ 4፣ ሰኞ፣ አ.አ.

ግርማ በር ላይ ጠበቀን። ክራባት አስሯል። ሰላምታው አላልቅ አለ፤ የኔ ጤና፣ የት/ቤቱ ጤና፣ የናዝሬት ሙቀት። ቁርስ ልጋብዝ አለ፤ ጾም ነን፣ ደግሞም ለምርመራ ባዶ ሆድ ነው የመጣነው አልን። አላበው። ክፍል ውስጥ ስላስተማርኩት ስለ ስምጥ ሸለቆ አነሳ። ልጄ መኪናው የት ነው አልኩት።

ወሰደን። ኮሪደሩ ሁለቱም ወገን በቃሬዛ ተሞልቷል። ቁስለኞች። ግርማ ፈጠን አለ፣ እኔ ወለሉን እያየሁ ተከተልኩ። ትርሲት አልተከተለችም። እያንዳንዱ ቃሬዛ ላይ ትቆማለች፣ ፊቱን ታያለች፣ እግዜር ይማርህ ልጄ ትላለች፣ ወደሚቀጥለው። እስከ መጨረሻው። ጠበቅናት።

በሩ ተከፈተ። መኪናው አለ። ይሠራል። መብራትም ነበር። ነጭ ነው፣ ትልቅ ነው፣ መሐሉ ላይ ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው የጠላ ጋን አፍ ያህል ነው።

«የጭንቅላት ነው ጋሼ» አለ ግርማ ወለሉን እያየ። የድሮ ሥሪት ነው፣ በዕርዳታ የመጣ። ለጭንቅላት ብቻ ነው የተሠራው። ትከሻ አያሳልፍም። ሆድ የሚያየው ሌላ ነው፣ እሱ እዚህ የለም።

ስልክ ላይ ለምን አልነገርከኝም? እንዴት ብዬ ጋሼ። እንደዚያ ተስፋ አድርገው ሲጠይቁኝ፣ አንድ ነገር ቢለምኑኝ በሕይወቴ የመጀመሪያዎ ነው፣ አይሆንም የሚለው ከአፌ አልወጣ አለኝ። መጥተው በዓይንዎ ቢያዩት ይሻላል ብዬ።

ልቆጣ ፈለግኩ። አልቻልኩም። መልሶቹን አንድ በአንድ አስታወስኩ፤ ሁሉም ትክክል ነበሩ። መብራቱን ጠየቅኩ፣ ፊልሙን ጠየቅኩ፤ የሰውን የትኛውን ክፍል እንደሚያይ አልጠየቅኩም። ሃያ ዓመት ተማሪዎቼን ጥያቄውን በደንብ አንብቡ ስል ኖሬአለሁ።

ትርሲት ቀዳዳውን አየች። የኔን ጭንቅላት አየች።

«ከመጣን አይቀር» አለችው ግርማን «የሱን እዩልኝ።»

ሳቀች። እየሳቀች ሆዷን ያዘች። ግርማም ሳቀ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። እኔ ቆሜአለሁ።

ግርማ ሮጦ አንድ ቀዳጅ ሐኪም ለመነልን። ሰውየው እንቅልፍ ካየ የቆየ ይመስላል። ሆዷን ነካ። በዚያ ሰዓት ለስላሳ ነው፣ ሕመም የለም። የናዝሬቱን ዶክተር ስም ጠየቀ፣ ነገርኩት። ያውቀዋል። እጁ ከኔ ይሻላል አለ። እዚህ ተራ ብትይዙ አልጋ መቼ እንደሚገኝ አልነግራችሁም፣ ኮሪደሩን አይታችኋል። ነገውኑ ተመለሱ፣ እሱ ይክፈታት፣ ቀን አትጨምሩ።

ነገ የመጀመሪያው አውቶቡስ። እፈርማለሁ። ቃል ስለ ገባሁ አይደለም፣ ሽማግሌ ስለ ጠየቀኝ አይደለም። ሌላ የሚያይልኝ ስለሌለ ነው።

ነሐሴ 5፣ ማክሰኞ፣ ናዝሬት፣ ሆስፒታል

ኮሪደር ላይ ነኝ። አግዳሚ ወንበር። ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው፣ ካልተነበበ ይቅር በለኝ።

ሞጆ ላይ ያዛት። ስፒል አልነበራት፣ መቀስ አልነበራት፤ ነጠላዋን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ጎበጠች። አንዲት ሴት ሎሚ ሰጠቻት፣ አንድ ወታደር መስኮቱን ለቀቀላት። ሾፌሩ አልቆመም፣ አትቁም አልኩት። እንደ ሌላው ጊዜ ይለቃታል ብዬ እጠብቃለሁ። ሞጆ ከኋላችን ቀረ። አልለቀቃትም። መናኸሪያ ደረስን። አልለቀቃትም። ሆዷ ድንጋይ ነው፣ እጇ ቀዝቃዛ ነው። ደህና ነሽ አልኳት። አይደለሁም አለች።

ሃያ ዓመት። አይደለሁም አለች።

ጋሪ ላይ ፈረምኩ። ፈረሱ እየሮጠ፣ ወረቀቱ ጉልበቴ ላይ። ስሜ ከመስመሩ ወጥቶ ተንጋዷል፣ ድንጋዮቹ አብረውኝ ፈርመዋል። አሳየኋት። ዓይኗን ገልጣ አየችው። ስፌትህ አያምርም አለችኝ።

ቃሬዛ አመጡ። ወደ ውስጥ ወሰዷት። ስትገባ ለዚያ ልጅ ሐኪም ቀጥ ያለውን እንደተነጋገርነው በለው አለችኝ።

ሲስተሯ ወጣች። ወረቀቱን ሰጠኋት። ተፈርሟል፣ አሁኑኑ፣ ዶክተሩን ጥሪልኝ፣ እሱ ያውቃታል፣ አንጀቷ ሳይፈታ ሊቀር ይችላል ያለው እሱ ነው፣ ቅዱንም ክሩንም ተነጋግረዋል አልኳት። አስጨረሰችኝ። ፊርማዬን ጎንበስ ብላ አየችው፣ ወረቀቱን ለሁለት አጠፈችው፣ ወደ መሬት እያየች ነገረችኝ።

ዶክተሩ እሑድ ጠዋት ወደ ሰሜን ዘምቷል።